አንድ እጅጌ የጎደለው ካፖርት

«ይውሰዱት!» ትለኛለች፣ ካፖርቴን ጠረጴዛው ላይ ወርውራ። «ጨርቅዎን ሊወስዱ አይደል የመጡት? ሁሉም ወስዷል። እርስዎ ለምን ይቅርብዎት?»

የልብስ ሰፊው ሚስት ናት። ባሏ ራሱን ካጠፋ ገና ወር አልሞላውም። መደርደሪያው ባዶ ነው፤ ደንበኛው ሁሉ ያላለቀ ልብሱን እየጠቀለለ ሄዷል። የሱ እጅ የነካውን መልበስ ፈርተው ነው እንግዲህ።

«እኔስ ልለካ ነው የመጣሁት፣ ልጄ።»

«የሚለካው ሰው ሞቷል! አልሰሙም?»

«ሰምቻለሁ። ራሱን አጠፋ አሉኝ።»

ፊቷ ይለዋወጣል። እንዲህ ፊት ለፊት የነገራት ሰው የለም መሰለኝ፤ ሁሉም «ያ ነገር» እያለ ነው የሚያልፈው።

«ታዲያ ይጠይቁኛ! ‹አብረሽው እየኖርሽ እንዴት አላወቅሽም?› ይበሉና ይውጡልኝ!»

«እሱን አልጠይቅሽም።»

«ላጽናናሽ ይበሉና ደግሞ እንዳልገፈትርዎት!»

ጊዜ ያሽረዋል ልላት አፌን ከፍቼ ነበር። መልሼ ዘጋሁት።

ካፖርቱን አንስቼ እለብሰዋለሁ። ግራ እጅጌው ገና አልተገጠመም። መስታወቱ ፊት ስቆም የወፍ ማስፈራሪያ መስያለሁ።

«ባልሽ ባለፈው ሲለካኝ፣ ‹እማማ፣ ግራ ትከሻዎ ዘንበል ብሏል፤ የጎረቤት ወሬ ሲያዳምጡ ነው?› ብሎኝ ስንስቅ ነበር።»

«እዚህ ቤት አይሳቅም!» መቀሱን ጠረጴዛው ላይ ትወረውረዋለች። ከዚያ ጥርሷን ነክሳ፣ «የሰዉን ሁሉ ትከሻ ያውቅ ነበር» ትላለች። «የሱን ትከሻ ግን እኔ አላየሁለትም።»

እጅጌ ያልተገጠመለትን ግራ ክንዴን ለልክ እዘረጋላታለሁ። እዚያው እንደቆምኩ እቆያለሁ።

«እስከ መቼ ነው የሚገተሩት?»

«እስክትለኪኝ።»

«እኔ ቁልፍ ነው የምተክለው! እጅጌ ገጥሜ አላውቅም፤ ይጣመማል!»

«ይጣመም። ትከሻዬስ መች ቀና ነው?»

«ምን ዓይነት ችኮ ሴትዮ ናቸው!» እያጉረመረመች የእስፒሉን ቆርቆሮ ታነሳለች።

ትከሻዬ ላይ፣ ባሏ በጠመኔ ያሰመረው ነጭ መስመር አለ። ልታራግፈው እጇን ታነሳለች። እጇ አየር ላይ ይቀራል።

ከዚያ ጠጋ ትልና፣ ትንፋሿ ጠመኔውን እንዳያበንነው ፊቷን ዘወር አድርጋ፣ ከመስመሩ ጎን የመጀመሪያውን እስፒል ትሰካለች።