የምንይችል ድምፅ

የሠራተኛ ማኅበሩ የአባላት ዝርዝር ከስልክ ቁጥር ጋር የአንድ የቅርብ ዘመድ የተቀዳ ድምፅም ይዟል። አደጋ ሲደርስ በጽሑፍ የተላከውን መልእክት ኮምፒውተር አባሉ በሚያምነው በዚያ ሰው ድምፅ አስመስሎ በስልክ ይነግረዋል። ጸሐፊው ጉልላት ግን ለሊቀመንበርነት ሲወዳደር ዝርዝሩን በድብቅ ለቅስቀሳ ተጠቀመበት፤ አሸነፈም።

በማግስቱ ከመረጡት አባላት አንዷን፣ በፋብሪካው ፈትል ክፍል የሚሠሩትን እትዬ አስካለን ሊያመሰግን ቤታቸው ሄደ። ጥግ ያለው ትንሽ አልጋ አዲስ አንሶላ ለብሷል።

«እንግዳ አለብዎት እንዴ?»

«ምንይችል ደውሎልኝ ነበር» አሉት። «‹እማዬ፣ ጉልላትን ምረጪልኝ› አለኝ። መረጥኩህ።»

ልጃቸው ምንይችል ከሞተ አራት ዓመት አልፎታል። ጉልላት ፊቱ በእፍረት ጋለ።

«እትዬ፣ እሱ አይደለም። እኔ ነኝ የላክሁት።»

«ጠፍቶኝ መሰለህ?» አሉ አንሶላውን እየዳበሱ። «አንተም ብትሆን ግድ የለኝም። ብቻ አንዴ ደግሞ እማዬ ይበለኝ።»

ጉልላት ስልኩን አውጥቶ ጻፈ። ወዲያው የእትዬ አስካለ ስልክ በምንይችል ድምፅ «እማዬ፣ ይቅር በይኝ» አለ።

«ምን አጠፋህና ልጄ?» አሉ እንባቸው እየወረደ።

ጉልላት ቀና ብሎ ሊያያቸው አልቻለም።