የጥዱ ጎተራ ምትክ

ደኑ ካለቀ ወዲህ የወጣው ሕግ አጭር ነበር። አሮጌ የእንጨት ቤት ማቆየት የሚፈልግ ሰው በየዓመቱ ምትክ እንጨት ያስረክባል፤ ካጎደለ ቤቱ ይፈርሳል። ወርቂቱም ከጀርመን የመጡ ስደተኞች አርሲ ላይ በጥድ ግንድ ያቆሙትን ጎተራ ስድስት ዓመት ያቆየችው በሯን፣ ጠረጴዛዋን፣ ቁም ሳጥኗን እየሰጠች ነው።

ዘንድሮ ምትኩን ሊረከብ የመጣው ተቆጣጣሪ ያቀረበችውን መዝኖ ራሱን ነቀነቀ። «እትዬ፣ ይጎድላል። ከጎተራው አንድ ግንድ ልወስድ ነው።»

«አንዱ ከወጣ እኮ ሁሉም ይናዳል!» አለች ግድግዳውን ተደግፋ።

«እኔ ታዛዥ ነኝ» አለና የሞተር መጋዙን አስነሣ።

የመጋዙን ጩኸት የሰሙት በሽተኛ እናቷ፣ እማማ ድንቄ፣ ከቤት ውስጥ ተጣሩ። «ወርቂቱ! እኔ እዚያ ጎተራ ውስጥ ነው የተወለድኩት። ነይ ከአልጋው አውርጂኝ!»

«እማዬ፣ መሬቱ ይበርድሻል።»

«አውርጂኝ አልኩሽ!»

ወርቂቱ አቅፋ አወረደቻቸው። ተቆጣጣሪው የእንጨት አልጋውን ፈታትቶ መዘነ፤ ቀና ብሎም ሳያያት ጎተራው ላይ የአንድ ዓመት ማኅተም መታ።

ወርቂቱ እናቷን መሬት በተነጠፈው ፍራሽ ላይ ካስተኛቻቸው በኋላ ቤቱን ዞር ዞር ብላ ቃኘች። የቀረ እንጨት ቢኖር የእናቷ ከዘራ ብቻ ነበር።