የስለት ንባብ

የጀመሩትን ምዕራፍ አቋርጦ መነሳት ኃጢአት ነው ወይስ አይደለም? ያኔ ወጣቷ እናት መልሱን አታውቅም ነበር። በሕንድ አገር በጎዳቫሪ ወንዝ ዳር ባለው መቅደስ የአንድ ቅዱስ ሰው ገድል በየዓመቱ ለሰባት ቀን ይነበባል፤ ተራ የደረሳት ሴት ምዕራፏን ሳትጨርስ አትነሳም። እሷ ደግሞ ፊደል የቆጠረችው ዘንድሮ ነው። ለታመመችው ልጇ ለቬኑ ስትል በራሷ አፍ ልታነብ ተስላለች።

«የእኛ መምህርት፣ በዚህ አያያዝሽ እኮ ክረምቱ እዚሁ ይገባብናል!» አለች አንዷ በንባቧ መንቀርፈፍ እያሾፈች፤ ሴቶቹ ሳቁ። ወዲያው ጎረቤቷ እያለከለከች በሩ ላይ ደረሰች። «እህቴ፣ ቬኑ ትኩሳቱ ብሶባት ራሷን ስታለች! ባጃጅ አቁሜያለሁ፣ ሐኪም ጋ እንውሰዳት!»

አማቷ ክንዷን ያዘቻት። «ልጄ፣ ስለትሽን ካፈረስሽ ማን ሊያድንልሽ ነው? ሁለት ገጽ ብቻ እኮ ነው የቀረሽ።»

ዓይኗን ወደ ገጹ መልሳ ፊደሎቹን አንድ በአንድ ለቀመች። «ቅዱሱ... የበሽተኛዋን ጩኸት... በሰማ ጊዜ... ጸሎቱን ትቶ... ሮጠ።»

ማንም አልሳቀም። መጽሐፉን በአማቷ ጭን ላይ አኑራ ወጣች። ሴቶቹም ተከትለዋት ወጡ። አማቷ ግን አንዲት ፊደል ባታውቅም ንባቡ እንዳይቋረጥ ብላ፣ መጽሐፉን እንደዘረጋች ብቻዋን ቀረች።