በአባቷ ድምፅ

ወይዘሮ እማዋይሽ አጥሚቱን አልቀምስም አሉ። «ይቺ ሴትዮ መርዝ አድርጋበታለች» አሉ፣ ገዛ ልጃቸውን ይፍቱስራን እያዩ። የመርሳት በሽታው ከጠናባቸው ወዲህ አያውቋትም።

ይፍቱስራ ጓዳ ገብታ አንገቷ ላይ ያለችውን ትንሽ መሣሪያ ነካች። የሞተ ሰውን ድምፅ ቤተሰቡ በሚወርስበት በዚህ ዘመን፣ ለእሷ የደረሳት የአባቷ ድምፅ ነበር።

«እማዋይሽ፣ እኔ ቀምሼዋለሁ። ምንም የለበትም» አለች ከመጋረጃው ጀርባ፣ በእሱ ድምፅ።

«ሽመክት! መጣህ?» ፊታቸው በራ፤ አጥሚቱንም ጠጡት። ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «ሴትዮዋን አስወጣልኝ። እሷ እያለች ልጄ ይፍቱስራ አትመጣም» አሉ።

ይፍቱስራ መሣሪያውን ልትፈታ ከጀለች። ግን ባለፈው ሳምንት በራሷ ድምፅ «እማዬ፣ እኔ ነኝ» ስትላቸው፣ ደንግጠው ሲሸሹ ወድቀው ክንዳቸው ተሰብሯል።

«እሺ፣ አስወጣታለሁ» አለች።

«በሩንም ቆልፍባት።»

በጓሮ በር ወጥታ ከውጭ ቆለፈችና ፀሐይ ላይ፣ መስኮቱ ሥር ተቀመጠች። እናቷ ከውስጥ ስለ ልጃቸው ያወሩ ጀመር፤ ስትስቅ ጉንጯ እንዴት እንደሚሰረጉድ፣ ከእቅፋቸው አልወርድም ብላ እንዴት ታስቸግር እንደነበር።

«ረስታን ይሆን፣ ሽመክት?» ብለው ጠየቁ።

ይፍቱስራ እንባዋን ጠርጋ፣ በአባቷ ድምፅ «አልረሳችንም» ብላ መለሰች።