የማይዝገው ማሽን

ባሌ አስናቀ ጉርሻ እምቢ ካለኝ ሰነበተ። እጄ ወደ አፉ ሲጠጋ ፊቱን ያዞራል፤ ልጃችንን ሶልያናንም መሳም ትቷል። ሌላ ሴት አለች አልኩ። ምን ልበል?

ሥራው ኮምቦልቻ፣ አሮጌ ፕላስቲክ አቅልጦ ጫማ የሚሠራ ፋብሪካ ውስጥ ነው። ድሮ ከሚቀልጠው ፕላስቲክ የሚወጣው ኮምጣጣ ጭስ ማሽኑን በዝገት ይበላው ነበር። ዘንድሮ ግን ሠራተኞቹ ጠዋት ጠዋት ሽሮፕ ይጠጣሉ፤ ማሽኑም እንደ መስታወት ያበራል።

"ሽሮፑን እናንተ ጠጥታችሁ ማሽኑ እንዴት ይድናል?" አልኩት።

"ጭሱን ከብረቱ ያርቀዋል።"

"አርቆስ ወዴት ይወስደዋል?"

"አንቺ ደግሞ!" ብሎኝ ወደ ሥራው ወጣ።

ትናንት ምሳ ላይ አላስቻለኝም። ትልቅ ጉርሻ ጠቅልዬ፣ "በሶልያና ሞት!" አልኩት። በልጁ ሞት ተለምኖ እምቢ አይልም፤ ዓይኑን ጨፍኖ ጎረሰ። የሴት ሽቶ ፍለጋ ጠጋ ብዬ አሸተትኩት። የሸተተኝ ኮምጣጤ ነው።

ሳህኑን አጥቤ ሳበቃ የጋብቻ ቀለበቴን አየሁት። አስናቀ ራሱ ከማሽኑ ትርፍ ብረት ቆርጦ የሠራልኝ ነው። ሳጎርሰው ትንፋሹ ባገኘው በኩል ቀይ ዝገት አውጥቷል።

ዞሬ አስናቀን አየሁት። አፉን በመዳፉ ሸፍኖ፣ "ሌላ ሴት ናት ብለሽ ብትተዪው ምን ነበረበት?" አለኝ።

ያን ጊዜ ሶልያና "አባዬ!" እያለች ወደ እሱ ሮጠች። እሱ ጋ ሳትደርስ ይዤ ያስቀረኋት እኔ ነኝ።