ከሰሊጥ ክምር ሥር

ሽማግሌው ከሰሊጥ ክምር ሥር የወጣችውን ጥንዚዛ በማህደር መዳፍ ላይ አኖሯት። በሰኔ ጡረታ ይወጣሉ፤ በሚሠሩበት በአዲስ አበባው ሙዚየም ግን ከሳቸው ሌላ ጥንዚዛን ከጥንዚዛ የሚለይ ሰው አልነበረም።

«በይ፣ ማን ናት?» አሏት ተማሪያቸውን።

ጥንዚዛዋን ያገኘቻት የእርሻው ወጥ ሠሪ ፈንቴ ማማሰያዋን እንደያዘች አንገቷን አሰገገች። ማህደር በአጉሊ መነጽሩ የቀንዷን ጫፍ አየች፤ ገልብጣ ሆዷን አየች፤ ደግማ ገለበጠቻት። ሽማግሌው ፊታቸው እንዳያሳብቅባቸው ወደ ትራክተሩ ዞር አሉ።

«አላውቃትም፣ ጋሼ» አለች ማህደር በመጨረሻ።

«ወይ ጉድ!» አለች ፈንቴ። «ይህን ሁሉ መንገድ አላውቅም ለማለት ነው የመጣችሁ? እርስዎ ይንገሯታ!»

«እኔም አላውቃትም፣ እትዬ ፈንቴ። ከዚች ልጅ በፊት ያስተማርኳቸው ሁሉ ቢሆኑ ግን እንዳያፍሩ ብለው ያገኙትን ስም ይለጥፉባት ነበር።»

ማህደር አጉሊ መነጽሩን ብትመልስላቸው አልተቀበሏትም። «ያዥው፤ ሥራው ገና አሁን ተጀመረ» አሏት፤ ድምፃቸው ቀለል ብሎ ነበር።

ፈንቴ ማማሰያዋን ጣለችና ወደ ክምሩ ተመለሰች። ወጡ ቢያርም፣ የጥንዚዛዋን እናት ሳታይ አትሄድም።