የወተት ጉድለት መርማሪ ኮሚቴ

በድርቅ የተጎዱ ሰዎች ከተጠለሉበት ጣቢያ የዱቄት ወተት ስለጎደለ ሰባት አባላት ያሉት መርማሪ ኮሚቴ ተቋቋመ። ጊዜው ሰባ ሰባት ዓመተ ምሕረት፣ ቦታው ከመካነ ሰላም ከተማ ዳር ነው። ሊቀመንበሩ ጓድ ስማቸው ይባላል።

ኮሚቴው በዝግጅት ጀመረ። ጠረጴዛ ተፈልጎ ቀይ ጨርቅ ለበሰ። ጸሐፊ ተመረጠ። ሻይ አፍይዋ ብዙዬም ለስብሰባ የለመደችውን በቀን ሦስት ጊዜ እንድታቀርብ ታዘዘች።

ጥርጣሬው የወደቀው በነርሷ በይርገዱ ላይ ነው። ወተቱን በጥብጣ የምትለካው እሷ ናት። ማታ ስትወጣም በነጠላዋ የምትጠቀልለው ነገር አለ። ተፈተሸች፤ ቤቷ ወስዳ ልትቀቅላቸው የያዘቻቸው ማንኪያዎች ሆኑ። ማንኪያ ለምን እንደሚቀቀል ከአባላቱ የሚያውቅ ስላልነበረ ጉዳዩ ለማግስቱ ተላለፈ።

ፈንታሁን ከአቀስታ በኩል የመጣ ገበሬ ነው። ላሞቹ አልቀውበታል፤ ሚስቱን መንገድ ላይ ቀብሯል። የቀረችው የሁለት ዓመት ልጁ አልታየች ናት። ይርገዱ ለልጅቱ በየሁለት ሰዓቱ ግማሽ ሲኒ ወተት በማንኪያ ትሰጣታለች። አባትየው ሲኒው እንዲሞላ ለመናት።

«አያ ፈንታሁን፣ ድርቅ የመታው ማሳ ላይ ጎርፍ ቢለቁበት ይጠግባል?»

«አፈሩን ይዞት ይሄዳል» አለ።

«የልጅዎም ሆድ እንደዚያው ነው። ጥቂት ጥቂት፣ ግን ሰዓቱ ሳያልፍ።»

በሁለተኛው ቀን ፈንታሁን ለምስክርነት ተጠራ። ነርሷ ሲኒውን ትሞላለች ወይ ተባለ። ስለ ማሳውና ስለ ጎርፉ ሊያስረዳ ሲጀምር፣ ትሞላለች ወይም አትሞላም ብቻ በል ብለው አቋረጡት።

«አትሞላም» አለ።

ጸሐፊው የሻዩን ስልባቦት በእርሳሱ ጫፍ ገለል አድርጎ አንድ ጊዜ ፉት አለና ቃሉን ጻፈ።

ምርመራው ከተጀመረ ወዲህ ጉድለቱ ብሶ ተገኘ። ኮሚቴው ይህን የሌባዋ ድፍረት ነው ብሎ መዘገበው።

በሦስተኛው ቀን ጧት ጓድ ስማቸው መጋዘኑን በገዛ እጁ ቆልፎ ቁልፉን ከኮቱ ኪስ ከተተ። ይርገዱ የልጅቱ ሰዓት አለፈ ብላ ሁለት ጊዜ ከስብሰባው በር መጣች። ውሳኔው ሳይወጣ ቁልፍ አይወጣም ተባለች። ተመልሳ ፍል ውሃ አቀዘቀዘች፣ ስኳርና ቁንጥር ጨው በጠበጠችበት፣ በማንኪያ ሰጠቻት። ይህ እስከ ማታ ቢያቆያት ነው፤ ከዚያ ወዲያ አያቆያትም ብላ ለአባትየው አልደበቀችውም።

ፈንታሁን የልጁን ባዶ ሲኒ ይዞ ከስብሰባው ደጃፍ ተቀመጠ። ያለውን ተናግሮ ጨርሷል።

እኩለ ቀን ላይ ሰባት እጅ ተነሣ። ነርሷ ከሥራ ታግዳ ወደ ደሴ ትላክ፤ ተተኪ እስኪመጣ መጋዘኑ እንደተቆለፈ ይቆይ ተባለ። ተጨበጨበ። ሻይ መጣ።

ጓድ ስማቸው ብርጭቆውን አነሣ፣ አየው፣ መልሶ አስቀመጠው።

«ብዙዬ፣ ምነው ዛሬ ሻይሽ ጠቆረ?»

«መጋዘኑን ጧት እርስዎ ቆልፈውት የለ፣ ጓድ ሊቀመንበር።»